ጋሽ ዘርጋው ስለ ባቡሩ ሲጠየቅ

ትናንት ከምሳ በኋላ ልብስ ሰፊው ጋሽ ዘርጋው የስፌት መኪናው ላይ ግንባሩን ደፍቶ ሕልም አየ። ሌሊት ቢያየው ኖሮ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ይረሳው ነበር። ያየው ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ሱቁን ከፍቶ፣ እንግዳ እየጠበቀ ሳለ ነው፤ ስለዚህ አንድም ነገር አልጠፋውም። ሕልሙን እስከ ዛሬ ጠዋት ለመንደሩ ሁሉ አውርቶታል። ሲነቃ የሆነውን ግን ለእኔ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የነገረኝ።

ወደ ሕልሙ ከመግባታችን በፊት ማንን ይጠብቅ እንደነበር ልንገራችሁ። የጋሽ ዘርጋው ሱቅ በሰፊው መንገድ ዳር በመደዳ ከቆሙት ዘጠኝ ሱቆች አንዱ ነው። ድሮ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰፈር በሙሉ ደንበኛው ነበር። ማዶ ትምህርት ቤት አለ፣ ማዶ ጤና ጣቢያ አለ፣ ማዶ ሱሪው የሚተረተር ሕዝብ ሞልቷል። ሰዉ ሱሪውን በፌስታል ጠቅልሎ በሁለት ደቂቃ ይሻገርና "ጋሼ፣ እስከ ማታ ታደርስልኛለህ?" ይለው ነበር። ከዚያ የከተማው ባቡር መጣ። ሀዲዱ መንገዱን መሐል ለመሐል ሰንጥቆት አለፈ፤ ግራና ቀኙም በብረት አጥር ታጠረ። ባቡሩ ክፉ ነገር አይደለም፤ ጋሽ ዘርጋው ራሱ ሲሳፈርበት መስኮት ዳር ነው የሚቀመጠው። ችግሩ የሚቆመው ወይ ከሱቆቹ በላይ ሩቅ ካለው ጣቢያ፣ ወይ ከሱቆቹ በታች ሩቅ ካለው ጣቢያ መሆኑ ነው። የማዶ ሰው ወደ ጋሽ ዘርጋው ለመምጣት እስከ ጣቢያው ሄዶ፣ ደረጃ ወጥቶ፣ ደረጃ ወርዶ፣ የሄደውን ያህል መንገድ ደግሞ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። ለአንድ ዚፕ ብሎ ይህን ሁሉ የሚሆን ሰው የለም። ከዘጠኙ ሱቆች ስድስቱ ተዘጉ።

የቀሩት ሦስት ናቸው። አንዱ የጋሽ ዘርጋው ነው፣ ሁለተኛው የሰሃንና የብርጭቆ ሱቅ ያላት የእትዬ አሰገደች ነው፣ ሦስተኛው የጫማ ሰፊው የንጋቱ ነው። ሦስቱም የሚለምኑት አንድ ነገር ነው፤ አጥሩ በሱቆቻቸው ፊት ለፊት ይከፈትና የእግረኛ መሻገሪያ ይሰጠን ነው የሚሉት። አምና አንድ ወጣት ቅጽ ይዞ መጥቶ "ከባቡሩ በኋላ ገበያ እንዴት ነው?" እያለ በየሱቁ ዞሮ ነበር። እንግዲህ እንግዳ ሰው በር ላይ ቆሞ እንዴት ነው ሲል ጋሽ ዘርጋው ምን ይላል? ዕድሜውን ሙሉ ሲል የኖረውን ነዋ። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ጥሩ ነው" አለ። እናቱን በቀበረ በሦስተኛው ቀን እንዴት ነህ ሲሉትም ያለው ይህንኑ ነበር። አሰገደችም እንደዚያው አለች፣ ንጋቱም እንደዚያው አለ። ከሁለት ወር በኋላ ደብዳቤ መጣላቸው። በጥናቱ መሠረት ባቡሩ ለመደዳው ልማት ስላመጣ መሻገሪያው ይበልጥ ለተቸገሩ ይሰጣል ይላል።

ዘንድሮ እንደገና አመለከቱ። ሐሙስ በስምንት ሰዓት ጠያቂ እንደሚመጣ፣ ሁሉንም ወክሎ የሚመልሰውም በዕድሜ ትልቁ ጋሽ ዘርጋው እንደሆነ ተነገራቸው። ከዚህ በኋላ ሌላ ጥያቄ እንደማይኖርም ተነገራቸው። አሰገደች ይህን ከሰማች ጀምሮ እንደ ተማሪ ታስጠናው ነበር።

"በል ድገመው" ትለዋለች፣ በሩ ላይ ቆማ። "ገበያ እንዴት ነው?"

"ገበያማ እንግዲህ..."

"እንግዲህ ምን?"

"እግዚአብሔር ይመስገን..."

"ዘርጋው! ገበያ የለም በል። ሁለት ቃል ናት። በእኔ ሞት ሁለት ቃል ናት።"

"ኧረ እላለሁ። እንግዳ ፊት ገና ሳይቀመጥ እንዴት ብሎ ሰው ብሶቱን ያፈስሳል ብዬ ነው እንጂ እላለሁ።"

በዚህ ጭንቀት ሁለት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ትናንት ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ እጁን መኪናው ላይ አስደግፎ ሁለቱን ቃላት በሆዱ ሲደጋግም ዓይኑ ክድን አለ።

መጀመሪያ ያየው ባቡሮቹን ነበር። ከሀዲዳቸው ወርደው በእግረኛው መንገድ ላይ ተሰልፈዋል። አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል፤ ባቡሮቹ ደግሞ ትኬታቸውን ይዘው ከፊቱ ወረፋ ይጠብቃሉ። የመጀመሪያው ባቡር ጉሮሮውን ጠራረገና "ጌታዬ፣ ወደ ላይ ነው ወደ ታች የሚሄዱት?" አለው። ሰውየው ከጋዜጣው ቀና ሳይል "ሞልቻለሁ" አለ። "የሚቀጥለውን ሰው ጠብቁ።" ባቡሮቹ እርስ በርሳቸው ተያዩና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። የኋለኛው ባቡር ከጠዋት ጀምሮ መቆሙን እየተናገረ ያጉረመርም ነበር።

ጋሽ ዘርጋው በዚህ ገና አልተገረመም። ከሩቅ የብርጭቆ ኳኳታ ሰማና ቀና ሲል የአሰገደች ሱቅ ከነመደርደሪያው፣ ከነቴርሞሱ በባዶው ሀዲድ ላይ ይመጣል። አሰገደች በመስኮት አንገቷን አውጥታለች።

"ወዴት ነው?" አላት።

"ደንበኞቼ ዘንድ ነዋ! አንተ ዛሬም ቁጭ ብለህ ልትጠብቃቸው ነው?"

"ቆይ፣ እኔም ልምጣ።"

"ያንተ ሱቅ እግር የለውም" አለችና አለፈች። ሰሃኖቹ እየተንቀጫቀጩ ኩርባው ጋ ተሰወሩ።

ጋሽ ዘርጋው የሱቁን እግር ሊፈልግ ጎንበስ ሲል አንድ ግራጫ ሱሪ በሩን ገፋ አድርጎ ገባ። ሰው አልነበረበትም። ሱሪ ብቻውን ነው፣ ቀበቶውን ታጥቆ፣ አጥብቆ በተተኮሰ መስመር ቀጥ ብሎ ይራመዳል። ከጋሽ ዘርጋው አንገት ላይ ሜትሩን ሳብ አደረገና ወገቡን ይለካው ጀመር።

"ጠበሃል" አለው።

"ማን፣ እኔ?"

"አምና እስከዚህ ነበርክ። ከሁለቱም ጎን ላስገባህ ነው።"

"ኧረ ተው ወንድሜ፣ ሰፊው እኔ ነኝ!"

"ሰፊ ነኝ ያልከው ማን ሲጠይቅህ ነው?" አለ ሱሪው። "ሰፊ ከሆንክ ክርህን አሳየኝ።"

ይህን ሲሰማ የጋሽ ዘርጋው ልብ ስንጥቅ አለ። ዘሎ በመኪናው ራስ ላይ ክር የሚቀመጥባትን ቦታ በመዳፉ ሸፈናት። ሱሪው አንድ እርምጃ ቀረበ። "እጅህን አንሳ" አለው። ጋሽ ዘርጋው እጁን አላነሳም። ሱሪው ሌላ እርምጃ ሲጨምር ግን ሁሉን ጥሎ በጓሮ በር ወደ መንገድ ሮጠ።

መንገዱ ላይ ሰዎች ኩንታል እህል ተሸክመው ጎብጠው ይሄዳሉ፣ አህዮች ደግሞ ዘንግ ይዘው ከኋላቸው ይነዷቸዋል። አህዮቹ የደንብ ልብስ ለብሰዋል፣ አንዳንዶቹም ፊሽካ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ጋሽ ዘርጋው ቀስ ብሎ ከሰዉ መሐል ገባና ሁለት ሴቶች ጉንጭ ለጉንጭ ሲሳሳሙ አጠገባቸው ቆመ።

"እንደምን ዋልሽ?" አለች አንደኛዋ።

"ክፉኛ። ባሌ ከማክሰኞ ጀምሮ አላናገረኝም፣ ጤፉም ዛሬ አለቀ። አንቺስ?"

"እኔማ አዲሱን ቀሚስሽን ካየሁ ወዲህ በቅናት ምግብ አልበላ ብሎኛል።"

"እሰይ፣ ተባረኪ" አለቻት የመጀመሪያዋ፣ ከልቧ ደስ ብሏት። እንደገና ተሳሳሙና ተለያዩ።

በዚህ ጊዜ አንድ ወፍራም አህያ ወደ ጋሽ ዘርጋው መጣና ኮፍያውን አነሳለት። "እንደምን ዋሉ፣ ጌታዬ?" አለው በትሕትና። ጋሽ ዘርጋው ሳያስብ አፉ ቀደመው። "ደህና! እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና" አለ።

መንገደኛው ሁሉ ባለበት ቀረ። ኩንታል የተሸከሙት ሰዎች ሳይቀሩ ቆሙ። አንዲት እናት የልጇን ጆሮ በሁለት እጇ ደፈነች። ከኋላ "ምን አለ?" የሚል ድምፅ ተሰማ፤ "ደህና ነኝ አለ፣ በአደባባይ" ብሎ ሌላ ሰው መለሰ። አህያው ፊሽካውን ነፋ። ከየአቅጣጫው አህዮች መጡና ጋሽ ዘርጋውን ከበቡት። እጁን ይዘውት ሲሄዱ "አጥፍቼ ከሆነ ይቅርታ፣ ሰላምታ መስሎኝ ነው" ይላቸው ነበር። ማንም አልሰማውም። ከሁሉ ያስጨነቀው ግን ስምንት ሰዓት እየደረሰ መሆኑና ሱቁ ክፍት መቅረቱ ነበር። በሕልም ውስጥም ቀጠሮውን አልረሳም፣ ምስኪን።

ያስገቡት በመንገዱ መሐል የቆመ ባቡር ውስጥ ነው። ባቡሩ ችሎት ሆኗል። በግራ በቀኝ ወንበሮቹ ላይ ስድስቱ የተዘጉት ሱቆች ተቀምጠዋል፤ መዝጊያቸውን ዝቅ አድርገው እንደ ሽማግሌ ያንቀላፋሉ። ጋሽ ዘርጋው አንድ በአንድ አወቃቸው። የፀጉር ቤቱ አለ፣ የጨርቃጨርቁ አለ፣ የእነ ሙሉሸዋ ዳቦ ቤት በአቧራ ተሸፍኖ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ጉዳዩን የያዘችው መነጽር ያደረገች አሮጊት አህያ ናት።

"እኔም ድሮ ሁለት ኩንታል ጤፍ ጭኜ በነዚያ ሱቆች ፊት እሻገር ነበር" አለች፣ ለሰላምታ ያህል። "ስለዚህ ቦታውን አውቀዋለሁ። ጥያቄው አጭር ነው። ባቡሩ ለዚህ ሰፈር ልማት አምጥቷል ወይስ አላመጣም? ምስክር ይግባ።"

መጀመሪያ የገባችው ሸምሲያ ነበረች። ሸምሲያን ሁላችን እናውቃታለን፤ ላይኛው ጣቢያ ደረጃ ሥር ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ባቡሩ ሳይመጣ በፊት በሳህን ይዛ ትዞር የነበረችው ሴት አሁን ሁለት ረዳት ቀጥራለች። በሕልሙ ውስጥ ከኋላዋ መቶ የሚሆኑ ሳምቡሳዎች ተከትለዋት ገቡ፣ በሦስት ማዕዘናቸው እየዘለሉ።

"ለእኔ አምጥቶልኛል" አለች ሸምሲያ። "ውሸት ምን ያደርግልኛል። ባቡሩ በቆመ ቁጥር ሰው ይወርዳል፣ የወረደ ሰው ይርበዋል። እኔም ፋታ አጥቼ እግሬ አብጧል። እሳቸው ጋ ግን ባቡሩ አይቆምም። በበራቸው ሲያልፍ እኮ ሰዎቹ ከእነቀዳዳ ሱሪያቸው በመስኮት ያዩአቸዋል።"

"ታዲያ አመጣ ነው አላመጣም?" አለች አሮጊቷ።

"ለቆመበት አመጣ" አለች ሸምሲያ። ሳምቡሳዎቹ በሙሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቀጥሎ የተጠራው አጥሩ ነው። አጥሩ ረዥም ስለሆነ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው እየወጣ እስኪያልቅ ድረስ ብዙ ቆየ። "እኔ ቁም ባሉኝ ቆምኩ" አለ በቀዝቃዛ ድምፅ። "በር ይኑርህ ቢሉኝ በር ይኖረኝ ነበር። ከጎኔ ያሉትን ሰዎች ጠይቁ አልኳቸው። ጠይቀናል አሉኝ። ጥሩ ነው ብለዋል አሉኝ።"

ሁሉም ወደ ጋሽ ዘርጋው ዞሩ። ስድስቱ ሱቆች እንኳ መዝጊያቸውን በጣት ያህል ከፍ አድርገው በስንጥቁ አዩት።

"ዘርጋው" አለች አሮጊቷ አህያ፣ መነጽሯን እያስተካከለች። "ሦስት ጊዜ እጠይቅሃለሁ። አምላክህን ማመስገንህን ማንም አልጠላም፤ አመስግን። ከምስጋናው ኋላ የምታስከትላትን ቃል ግን ጠንቀቅ በላት። ገበያ እንዴት ነው?"

ጋሽ ዘርጋው ሁለቱን ቃላት አዘጋጅቶ ነበር። ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሰዋል። አፉን ሲከፍት ግን ሌላ ነገር ወጣ። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥሩ ነው።"

ከውጭ የብረት መዝጊያ ሲወርድ ተሰማ። በመስኮት ሲያይ የንጋቱ ሱቅ ተዘግቷል። ንጋቱ አንድ ጫማ በእጁ ይዞ ውስጥ ቀርቷል፤ በስንጥቁ የጫማው አፍንጫ ብቻ ትታያለች። ሁለት አህዮች ሱቁን ብድግ አድርገው አመጡትና ከስድስቱ ጎን አስቀመጡት። ሰባት ሆኑ።

"አልፈለግኩም!" አለ ጋሽ ዘርጋው። "አፌ ነው፣ እኔ አይደለሁም።"

"ሁለተኛ" አለች አሮጊቷ። "ገበያ እንዴት ነው?"

አሁን ከንፈሩን ነከሰ። በሁለት እጁ አገጩን ያዘ። በባቡሩ መስኮት ሰው ሁሉ ያየዋል፣ እንግዳ ሰው፣ የማያውቀው ሰው፣ አምሮ ለብሶ የመጣ ሰው። በዚህ ሁሉ ፊት አልሆነልኝም፣ አጣሁ፣ ከሰርኩ ማለት ልብስ አውልቆ እንደመቆም መሰለው። "ክፉ... ክፉ አይባልም" አለ። "ይመስገን፣ ደህና ነው።"

የአሰገደች ሱቅ ከኩርባው ወዲያ ሲመጣ ነበር። በሀዲዱ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመና መዝጊያው ዷ ብሎ ወረደ። ውስጡ ያለው ሰሃንና ብርጭቆ በሙሉ አንድ ጊዜ ተሰበረ። መዝጊያው ከመውረዱ በፊት አሰገደች በመስኮት አየችው። አልሰደበችውም፣ አልጮኸችም። "ሁለት ቃል" አለችው ብቻ። ጋሽ ዘርጋው እንደነገረኝ ከሕልሙ ሁሉ የጎዳው ያ አስተያየቷ ነው።

ስምንቱ ሱቆች በመደዳ ተቀምጠዋል። ዘጠነኛው፣ የራሱ ሱቅ፣ ሳይጠሩት በበሩ ገብቶ ከአሮጊቷ ፊት ቆመ። መዝጊያው ከላይ ተንጠልጥሎ ይንቀጠቀጣል። ውስጡ የስፌት መኪናው ይታያል፤ ማንም ሳይነካው መርገጫው ወደ ላይ ወደ ታች ማለት ጀመረ። ጠቅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅ ባቡሩን ሞላው።

"ይህ ምንድን ነው?" አለች አሮጊቷ።

"ሥራ ነው" አለ ጋሽ ዘርጋው።

ከኋላ ወንበር ግራጫው ሱሪ ተነሳ። "ክሩን ያሳየን" አለ።

መኪናው እየፈጠነ ሄደ። ጠቅጠቅጠቅ ይላል፣ መርፌዋ ባዶዋን ትወጣለች፣ ባዶዋን ትወርዳለች። መዝጊያው አንድ ክንድ ወረደ። ከዚያ ሌላ ክንድ ወረደ።

"ሦስተኛና የመጨረሻ" አለች አሮጊቷ አህያ፣ አሁን ድምፅዋ ለስልሶ። "ዘርጋው፣ ወንድሜ። ገበያ እንዴት ነው?"

"ክር የለውም" አለ ጋሽ ዘርጋው።

መኪናው ቆመ።

"ክር የለውም" ብሎ ደገመ፤ አንዴ ከጀመረ ወዲያ ማን ያቁመው። "ከፋሲካ ወዲህ ክር አልገዛሁም፣ የሚሰፋ ስለሌለ። ጠዋት እከፍታለሁ፣ ቁጭ እላለሁ፣ ባዶውን ስረግጠው እውላለሁ። አላፊ አግዳሚው ዘርጋው ሥራ ላይ ነው እንዲል ነው። ባለቤቴ ምሳ ይዛ ስትመጣ ድምፁን ከሩቅ እንድትሰማ ነው። እሷም ስትሰማው ደስ ይላታል፣ ፈጠን ፈጠን ብላ ነው የምትመጣው። አታለልኳት። አሰገደችንም ንጋቱንም አታለልኳቸው፤ እነሱም እኔን እንደዚያው። ባቡሩን አልጠላሁትም። በመስኮቱ የሚያዩኝ ሰዎች ወርደው የሚመጡበት መንገድ ግን የለም። ገበያ የለም። ገበያ የለም! አጥሩን ክፈቱልን።"

እንባው ጉንጩ ላይ ይወርዳል፣ ግን ደረቱ እንደዚያች ቀን ቀልሎት አያውቅም። አሮጊቷ አህያ መነጽሯን አወለቀችና "ጻፉት" አለች። ወዲያው ከታችኛው ጣቢያ በኩል ረዥም ድምፅ መጣ። አጥሩ እንደ ዚፕ እየተከፈተ ነው፤ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ፣ ጥርስ ከጥርስ እየተላቀቀ፣ ትክክል በሱቆቹ ፊት ሲደርስ ቆመ። ከማዶ ሕዝቡ ፈሰሰ። ተማሪዎች ጉልበቱ የተቀደደ ዩኒፎርም ይዘው፣ ከጤና ጣቢያው ነርሶች ነጭ ጋዋናቸውን ይዘው፣ አንድ ሙሽራ ያልታጠፈ ሱሪውን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ እየሮጠ ይመጣል። የንጋቱ መዝጊያ ብድግ አለ። የአሰገደች ብርጭቆዎች ስብርባሪያቸው ተሰብስቦ መደርደሪያቸው ላይ ወጡ። ስድስቱ የተዘጉት ሱቆችም ዓይናቸውን ገለጡ፤ ከዳቦ ቤቱ ውስጥ ትኩስ ዳቦ ሸተተ። የጋሽ ዘርጋው አንጀት ቅቤ ጠጣ። "ቀስ በሉ፣ ተራ በተራ፣ ለሁላችሁም አደርሳለሁ" ይላል፣ ማንንም ሳይሰማ ይስቃል። ከሰዉ ፊት የነበረች አንዲት ልጅ ትከሻውን ነካ ነካ አደረገችው።

"አባቴ" አለችው። "አባቴ፣ ይቅርታ።"

ጋሽ ዘርጋው ቀና አለ። የመኪናው ጠርዝ ግንባሩ ላይ መስመር አትሞበታል፣ ከከንፈሩ ዳርም ምራቅ ወርዷል። ከፊቱ ሰማያዊ ክላሰር ያቀፈች ቀጭን ልጅ ቆማለች። ጫማዋ አቧራ ጠጥቷል፤ እሷም ከጣቢያው ጀምሮ በእግሯ ነው የመጣችው። ከኋላዋ በሩ ላይ አሰገደች ቆማ ሁለት ጣቶቿን ታሳየዋለች፤ ሁለት፣ ሁለት ቃል።

"ቀሰቀስኩዎት፣ ይቅርታ አባቴ" አለች ልጅቷ ከልቧ አፍራ። "ስለ መሻገሪያው ለመጠየቅ ነው የመጣሁት። ትንሽ ቆይቼ ልመለስ?"

እንግዲህ ጋሽ ዘርጋው አርባ ዓመት ሲሰፋ በሥራ ሰዓት፣ መኪናው ላይ ተኝቶ፣ ያውም በእንግዳ ሰው ተይዞ አያውቅም። ፊቱ በአንድ ጊዜ ጋለ። የልጅቷ ዓይን በባዶው ጠረጴዛ፣ በባዶው ማንጠልጠያ፣ በቀዘቀዘው ካውያ ላይ ሲዞር አየ። ምን ትለኛለች አለ በልቡ። ሥራ ፈት ሽማግሌ፣ በጠራራ ፀሐይ የሚያንኮራፋ።

"ኧረ ምን ገዶኝ ልጄ፣ ግቢ፣ ተቀመጪ" አለ እየተነሳ፣ አፉን በእጅጌው እየጠረገ። "ሥራ በዝቶብኝ እኮ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስሰፋ አድሬ ድካም ጣለኝ።"

አሰገደች ዓይኗን ጨፈነች።

"አይዞዎት" አለች ልጅቷ እየሳቀች፣ ክላሰሩን ከፍታ እስክሪብቶዋን አወጣች። "እንዲህ ከሆነማ ገበያው ጥሩ ነው ማለት ነው?"

ጋሽ ዘርጋው አሮጊቷን አህያ በዓይኑ ፈለጋት። ሁለቱን ቃላት ፈለጋቸው፤ ከደቂቃ በፊት እንኳ በእጁ ነበሩ። ልጅቷ ቀና ብላ፣ በአክብሮት፣ እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ትጠብቀዋለች። እግሩ ሳያዘው መርገጫውን አገኘውና ባዶው መኪና ጠቅ ጠቅ ማለት ጀመረ።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለ።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ስትጽፍ፣ አሰገደች ከበሩ ላይ አልነበረችም። ከጎን የብረት መዝጊያ ሲወርድ ተሰማ።